«ጠፉ» ከተባሉት ሰዎች ጋር አንድ ቀን

ስለ ማያ ሕዝብ መጀመሪያ የሰማሁት የ9 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። በ2012 ዲሴምበር 21 ቀን ዓለም ያልቃል ተብሎ ክፍላችን በሙሉ ተሸብሮ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የጥንት ማያዎች የሠሩት ቀን መቁጠሪያ እዚያ ላይ ያቆማል» ይባል ነበር። ያን ሌሊት ፈርቼ አያቴ ጎን ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ እሷ እንደ ልማዷ ቡና ትቆላለች፤ ዓለም አላለቀም። ከዚያ በኋላ ማያዎችን ረሳኋቸው።

ከ13 ዓመት በኋላ አገራቸው ሄድኩ። እዚህ አገር እንደሚታወቀው ወጣቱ ከሠራዊት ሲወጣ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ ያጠራቅምና «ትልቁ ጉዞ» ብሎ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ህንድ፣ አንዱ ወደ ደቡብ አሜሪካ። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሜክሲኮን መረጥን። አባቴ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እኛ በእግራችን የሄድነው ለሰባት ትውልድ አይበቃም?» አለኝ። ቀልዱን ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። እሱ ሱዳን የገባው በልጅነቱ፣ በሌሊት እየተጓዘ ነው።

ከዚያ ጉዞ ሁሉ እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከፋሲካ በፊት በነበረው ሰሞን ቺቼን ኢትዛ የሚባለውን የማያዎች ፍርስራሽ ከተማ ከአስጎብኚ ጋር ያየንበት ቀን ነው። ፒራሚድ ፎቶ አንስቼ ለመመለስ ነበር ሐሳቤ። የተመለስኩት ግን ስለ ራሳችን ቤት ጥያቄ ይዤ ነው።

«መንገድሽ እንዴት ነው?»

ከቫያዶሊድ ከተማ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሚኒባስ ተነሳን። ቫያዶሊድ በሜክሲኮ ምሥራቅ፣ ዩካታን በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። ስፔናውያን የሠሯት ሳኪ በምትባል የማያ ከተማ ላይ ነው፤ የቀድሞውን ቤተ መቅደስ አፍርሰው ድንጋዩን ለራሳቸው ሕንፃ ተጠቀሙበት።

አስጎብኚያችን በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ አጠር ያሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ናቸው። ወደ መኪናው ሲገቡ «ቢሽ ኣ ቤል?» ብለው ሰላም አሉን። በማያ ቋንቋ «እንዴት ነህ?» ማለት ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ ግን «መንገድህ እንዴት ነው?» ነው። መልሱ «ማሎብ» ነው፣ ደህና። «አመሰግናለሁ» የሚባለው ደግሞ «ድዮስ ቦኦቲክ» ተብሎ ነው። «ድዮስ» የስፓኝ ቃል ሲሆን እግዚአብሔር ማለት ነው፤ ትርጉሙም እግዚአብሔር ይክፈልህ ነው። እኔ ወዲያው አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷ «አመሰግናለሁ» ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው የምትለው።

ቀጥለው አንዳንድ ቃላት አስጠኑን። «ቂን» ፀሐይም ነው፣ ቀንም ነው። ጓደኞቼ «ኪን» አሉ። እሳቸው ሳቁና «አይደለም» አሉ። በማያ ቋንቋ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ ተደርገው የሚጠሩ አምስት ድምፆች አሉ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አጠገባቸው ትንሽ ጭረት ይደረግባቸዋል። ቱሪስት ሁሉ እዚያ ላይ ይሰናከላል። የኔ ተራ ሲደርስ «ቂን» አልኩ። ሰውዬው ዞር ብለው አዩኝ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ሌላ ቃል ሰጡኝ፣ እሱንም ደገምኩት። አምስቱ ድምፆች እኮ የኛው ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ናቸው! ዕብራይስጥ ሲነገር ዛሬ «ቴት» እና «ታቭ»፣ «ኮፍ» እና «ካፍ» ልዩነት የላቸውም። ትምህርት ቤት እያለሁ ቃል ሳነብ «ቀ» ካመለጠኝ ይሳቅብኝ ስለነበር፣ ያንን ድምፅ ከአፌ ለማስወጣት ብዙ ታግያለሁ። እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ግን በዚያው «ቀ» ተጨበጨበልኝ።

ወንዝ የሌለው አገር

በመስኮት ስናይ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ተራራ የለም፣ ወንዝም የለም። ሰሜን ዩካታን የኖራ ድንጋይ ምድር ስለሆነ የዝናቡ ውኃ ላዩ ላይ አይቆይም፤ ሰርጎ ከመሬት በታች ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ላይ የዋሻው ጣሪያ ይደረመስና ጥልቅ የተፈጥሮ ጉድጓድ ይከፈታል። ማያዎች «ጾኖኦት» ይሉታል፤ ስፔናውያን ያንን «ጸ» ማውጣት አቅቷቸው «ሴኖቴ» አሉት። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወደቀው፣ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግዙፍ አለት የወረደውም እዚሁ ነው። የጉድጓዶቹ አንዱ ክፍል የዚያን ስብራት ጠርዝ ተከትሎ እንደ ቀለበት የተደረደረ ነው።

ሰው የሚሰፍረው ውኃ ባለበት ነው። ቺቼን ኢትዛ የሚለው ስምም ይህንኑ ይናገራል። «ቺ» አፍ ነው፣ «ጨን» የውኃ ጉድጓድ ነው፣ «ኢትዛ» ደግሞ የሕዝቡ ስም ነው። በኢትዛዎች የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ ያለች ከተማ ማለት ነው።

ከተማዋ የገነነችው ከ9ኛው እስከ 11ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። መሐሏ ላይ የኩኩልካን ፒራሚድ አለ፤ ኩኩልካን ላባ ያለው እባብ ማለት ነው። ዘጠኝ እርከን አለው፣ አናቱ ላይ ካለው ቤተ መቅደስ ጋር 30 ሜትር ያህል ይሆናል። በአራቱም ጎን 91፣ 91 ደረጃ አለ። አስጎብኚያችን «ደምሩ» አሉን። 364። ከላይ ያለው መድረክ ሲጨመርበት 365። በማርችና በሴፕቴምበር፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ የእርከኖቹ ጥላ በሰሜኑ ደረጃ ጎን ላይ ሲያርፍ እባብ ወደ ታች የሚሳብ ይመስላል። እኛ በጥቂት ቀን አመለጠን።

ፒራሚዱ ላይ መውጣት ዛሬ የተከለከለ ነው። ፊት ለፊቱ ቆመው ሲያጨበጭቡ ግን የሚመለሰው ድምፅ እንደ ወፍ ጩኸት ነው። ውስጡ ሌላ ፒራሚድ አለ፤ በ1930ዎቹ ቆፋሪዎች ገብተው ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ዓይኖቹና ነጠብጣቦቹ በአረንጓዴ ዕንቁ የተሠሩ የጃጓር ዙፋን አገኙ። በ2016 ደግሞ በመሣሪያ ሲመረመር ከዚያም ውስጥ ሦስተኛ፣ አነስ ያለ ሕንፃ እንዳለ ታወቀ። አንዱ ትውልድ የፊተኛውን ሳያፈርስ በላዩ ላይ ሠርቷል።

ስለ ቀን መቁጠሪያው ሲያስረዱን ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም። የማያዎች ዓመት 18 ወር ነው፣ እያንዳንዱ ወር 20 ቀን። ይህ 360 ይሆናል። የቀሩት 5 ቀናት ለብቻቸው ናቸው፣ «ዋዬብ» ይባላሉ። «ጳጉሜን!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። 12 ወር በ30 ቀን፣ ከዚያ የምትተርፍ የ5 ቀን ትንሽ ወር፣ በየአራት ዓመቱም 6 እንደምትሆን ነገርኳቸው። እሳቸውም «እኛ ዘንድ አምስቱ ቀን የሚፈራ ነው፤ የጥንት ሰዎች ከቤት ብዙ አይወጡም ነበር» አሉኝ።

ስለ 2012 ጠየቅኳቸው። ነገሩ ይሄ ነው፦ ማያዎች ከዓመቱ ሌላ ረጅም የቀን ቆጠራ አላቸው። 144,000 ቀን አንድ «ባክቱን» ይባላል። በዚያ ዲሴምበር 13ኛው ባክቱን ሞላ፣ ማለትም 1,872,000ኛው ቀን ላይ ተደረሰ። የመኪና ቆጣሪ ሲዞር መኪናው አይቆምም፤ በማግስቱ አንድ ተብሎ ይቀጥላል። «በዚያ ዓመት እዚህ የመጣው ቱሪስት ብዛቱ!» አሉ እየሳቁ። «ሁሉም ስለ ዓለም መጨረሻ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ማታ ቤቴ ስገባ ሚስቴ የበቆሎ እሸት ትጠብቀኛለች።»

የጉድጓዱ ልጆች

ከፒራሚዱ በስተሰሜን አንድ የድንጋይ መንገድ ወደ ቅዱሱ ጉድጓድ ይወስዳል። ስፋቱ 60 ሜትር ያህል ነው፣ ውኃው አረንጓዴ ነው፣ አይጠጣም። ማያዎች ለዝናብ አምላክ ወርቅ፣ ዕንቁ፣ ዕጣን፣ ሰውም ሳይቀር ይሰጡበት ነበር። በ1894 ኤድዋርድ ቶምፕሰን የሚባል የአሜሪካ ቆንስል መሬቱን ገዛው። ቆይቶም ጉድጓዱን በማሽን እየጠረገ ያገኘውን ሁሉ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ላከ። የተመለሰው ከፊሉ ብቻ ነው።

ለብዙ ጊዜ አስጎብኚዎች ቱሪስቱን «እዚህ የተጣሉት ቆንጆ ልጃገረዶች ናቸው» እያሉ ያስደንቁት ነበር። በ1967 ከጉድጓዱ አጠገብ ካለ አንድ ከመሬት በታች የሆነ የውኃ ማከማቻ ከ100 የሚበልጡ ልጆች አፅም ተገኝቶ ነበር። በ2024 ሳይንቲስቶች የ64ቱን የዘር ቅንጣት መርምረው ውጤቱን አወጡ። 64ቱም ወንዶች ናቸው። አብዛኞቹ ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ናቸው፤ ብዙዎቹ የቅርብ ዘመዳሞች ነበሩ፣ ሁለት ጥንድ መንትዮችም ይገኙበታል። ይህን ስሰማ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ። የጥንት ሕዝብ ስለሆነ ብቻ ሁሉ ነገሩ ያማረ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚያው ጥናት የወጣ ሌላ ነገርም አለ። ተመራማሪዎቹ በዚያው በዩካታን ቲሽካካልቱዩብ በምትባል መንደር የሚኖሩ ሰዎችን ፈቃድ ጠይቀው፣ የነሱንም ዘር ከጥንቶቹ ልጆች ጋር አስተያዩት። ተዛማጅ ሆኖ ተገኘ። የዛሬዎቹ የመንደሩ ሰዎች የነዚያው የጥንት ሰዎች ዝርያ ናቸው። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ከፍ አለ። «መጻሕፍት ማያዎች ጠፉ ይላሉ። ፊልም ጠፉ ይላል። ቱሪስት መጥቶ ‘ማያዎች የት ሄዱ?’ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። እኔን!»

እውነቱ ምንድን ነው? እንደ ቲካልና ፓሌንኬ ያሉ የደቡብ ከተሞች በ9ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ባዶ መሆናቸው እርግጥ ነው። ተደጋጋሚ ድርቅ ነበር፣ በነገሥታቱ መሐል ጦርነት ነበር። ከተማ ሲፈርስ ግን ሕዝብ ይሰደዳል እንጂ አይተንም። ወደ ሰሜን ሄዱ፣ ሌላ ከተማ ሠሩ። ስፔናውያን ከመጡ በኋላም ቢሆን የመጨረሻው ነፃ የማያ መንግሥት፣ ያውም የኢትዛዎቹ፣ የወደቀው በ1697 ነው። በ1847 ደግሞ በቫያዶሊድ አካባቢ የማያ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሡ፤ ጦርነቱ እስከ 1901 ቆየ። ዛሬ በሜክሲኮ ብቻ የዩካታንን ማያ ቋንቋ የሚናገር ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሰው አለ። በጓቴማላና በጎረቤት አገሮች ያሉት ሲደመሩ የማያ ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል፣ ቋንቋዎቹም 30 ገደማ ናቸው።

ከነገዶቹ አንዱ

ዛፍ ጥላ ሥር ውኃ እየጠጣን ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ከእስራኤል» አልን። ሳቅ ብለው «እንግዲያው ዘመዳሞች ነን፤ እኛም ከጠፉት ነገዶች አንዱ ነበርን አሉ» አሉን።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ እውነትም ታሪክ አለው። በ1650 የአምስተርዳሙ ረቢ ምናሴ ቤን እስራኤል፣ አንድ መንገደኛ ደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ እስራኤላውያን አገኘሁ ማለቱን መነሻ አድርጎ መጽሐፍ ጻፈ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሎርድ ኪንግስቦሮ የሚባል የአየርላንድ መኳንንት የሜክሲኮ ጥንታውያን ሰዎች የእስራኤል የጠፉ ነገዶች ናቸው ብሎ ለማስረዳት ትላልቅ መጻሕፍት አሳተመ። ገንዘቡን በዚያ ጨርሶ በዕዳ ታስሮ ሞተ። ሌሎች ደግሞ ግብፃውያን ናቸው የሠሩት፣ ፊንቄያውያን ናቸው ይሉ ነበር። ሁሉም ተስማምተውበት የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እዚያው አጠገቡ በቆሎ የሚዘራው ገበሬ አያት ይህን ሊሠራ አይችልም የሚለው። በ1840ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ጆን ሎይድ ስቲቨንስ ከሠዓሊው ካተርዉድ ጋር ፍርስራሾቹን በአካል ዞሮ አየና፣ ሕንፃዎቹን የሠሩት የዚሁ አገር ሰዎች አባቶች ናቸው ብሎ ጻፈ።

ይህን ሳነብ ለምን እንደከነከነኝ እናንተ አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ። እኛም «ጠፍተው የተገኙ» እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። ጆሴፍ ሃሌቪ በ1867 ጎንደር አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ብዙ የአውሮፓ አይሁድ ስለ እኛ እርግጠኛ አልነበሩም። ሽማግሌዎቻችን እንደሚነግሩን ደግሞ የኛ ሰዎች በበኩላቸው ነጭ አይሁዳዊ አለ ሲባሉ አላመኑም። እንግዲህ የጠፋው ማን ነው? ቤተ እስራኤል በአገሩ ሰንበቱን እያከበረ፣ ሸክላውን እየሠራ፣ ብረቱን እየቀጠቀጠ፣ ኦሪቱን በግዕዝ እያነበበ ነበር። አልጠፋም፣ አልታየም እንጂ። በ1973 ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲወስኑ ለኛ ትልቅ በር ተከፈተ። ቢሆንም ማንነታችን የተጀመረው ያን ቀን አይደለም።

የኛና የማያዎች ታሪክ አንድ ነው አልልም፤ አይደለም። ሆኖም ስለ ራስህ ሌላ ሰው ሲያወራልህ የሚሰማው ስሜት አንድ ነው።

የተቃጠሉት መጻሕፍት

ማያዎች የራሳቸው ጽሕፈት ነበራቸው። ከዛፍ ልጥ ወረቀት ይሠሩ፣ በኖራ ይለቀልቁት፣ እንደ አኮርዲዮን ያጥፉት ነበር። በ1562 ጁላይ 12 ቀን ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ማኒ በምትባል ከተማ ሕዝቡን ሰብስቦ የማያ መጻሕፍትን በእሳት አቃጠለ። ጣዖት ያመልካሉ ተብለው ብዙ ሰዎች ተገረፉ፣ ተሰቃዩ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የቀሩት አራት መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ሦስቱ በድሬስደን፣ በማድሪድና በፓሪስ ይገኛሉ። አራተኛው ሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ እውነተኛነቱ ብዙ ሲያከራክር ቆይቶ በ2018 ተረጋግጧል።

ግራ የሚያጋባው ነገር፣ ያው ላንዳ ስለ ማያዎች አኗኗር ዝርዝር መጽሐፍ መጻፉ ነው። አንድ የተማረ የማያ ሰው ፊቱ አስቀምጦ የስፓኝ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየጠራ «ይሄን በናንተ ጻፍልኝ» ይለዋል። «ቤ» ሲለው ሰውዬው «ቤ» የሚለውን ምልክት ይጽፋል። «ሴ» ሲለው «ሴ» ይጽፋል። በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ ሲባል የጻፈው «ማ ኢን ካቲ» የሚል ነው፤ «አልፈልግም» ማለት ነው። ሳስበው ያ ሰው በጣም ሰልችቶታል።

ሊቃውንት ያንን ሠንጠረዥ እንደ ኤቢሲዲ አድርገው ለማንበብ ሲሞክሩ አልሠራ አለ፣ ትተውትም ቆዩ። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የሚባል፣ በዚያ ጊዜ የማያን ምድር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ወጣት ሌኒንግራድ ቁጭ ብሎ ነገሩን ፈታው። ምልክቶቹ ብቻቸውን የሚቆሙ ተነባቢዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዙ ናቸው። «ቤ» ማለት በእርግጥም «ቤ» ነው። ለምሳሌ ካካዎ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበት ስም የመጣው ከዚያው አካባቢ ነው፤ በማያ ሲጻፍ «ካ-ካ-ዋ» ተብሎ ነው፣ ሲነበብም «ካካው»፤ የመጨረሻዋ አናባቢ ትዋጣለች።

እኔ ይህን ስሰማ የሳቅኩት ለምን መሰላችሁ? ፊደል ቆጥሮ ላደገ ሰው ይሄ ግልጽ ነገር ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ! በየመንደሩ ቄሶቻችን ዘንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ላንዳን ሊያርመው ይችል ነበር። እርግጥ ማያዎች ከዚህ ሌላ ሙሉ ቃል የሚወክሉ ምልክቶችም ስላሏቸው ሥራው እንዲህ ቀላል አልነበረም። ዋናው ቁልፍ ግን እሱ ነበር።

አስጎብኚያችን ያከሉት ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ፊደሉን አውቆ ድምፁን ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነው። ድንጋዩ የተነበበው ቋንቋው በገበሬው ቤት፣ በእናቶች አፍ ውስጥ በሕይወት ስለቆየ ነው። «መጻሕፍቱን አቃጠሉ። አያቴን ግን አላቃጠሏትም» አሉ።

ሦስት ጉልቻ

ከሰዓት በኋላ አንድ መንደር ገባን፤ ምሳ በአንድ ቤተሰብ ቤት ነበር። ጎጆው ሞላላ ነው፣ ግድግዳው እንጨት፣ ጣሪያው ቅጠል። ውስጡ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መሬት ላይ ያሉ ሦስት ድንጋዮችና መሐላቸው የሚነድ እሳት ነው። ጉልቻ! ላዩ ላይ ምጣድ ተጥዷል። «ቆቤን» ይሉታል። የቤቱ እመቤት፣ ጥልፍ ያለበት ነጭ ቀሚስ የለበሱ እናት፣ በቆሎውን ሌሊቱን በኖራ ውኃ ቀቅለው አሳድረውታል። ኖራው ልጡን ያስለቅቀዋል፣ ምግቡንም ለሰውነት ያዋሕደዋል። ከዚያ ፈጭተው፣ በእጃቸው ጠፍጥፈው ምጣዱ ላይ ይጋግሩታል።

ዋናው ምግብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የበሰለ የአሳማ ሥጋ ነበር። አልበላም አልኩ። ባቄላ ሊሰጡኝ ሲሉ የአሳማ ስብ እንዳለበት ጠየቅኩ፣ አለበት። እናትየው አልተቀየሙኝም። የተቀቀለ ዕንቁላልና «ሲኪል ጳክ» ሰጡኝ፤ የተቆላ የዱባ ፍሬ ከቲማቲም ጋር የተወቀጠ ነው። «ጳክ» ቲማቲም ነው፣ በኛው ጰ። በኋላም ጓሮ ወስደው ንብ አሳዩን። የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት፣ ቦርቡር ግንድ ውስጥ ታረባለች። በማሩና በአንድ ዛፍ ልጥ «ባልቼ» የሚባል መጠጥ ይጥላሉ፤ የስፔን መነኮሳት ከልክለውት ነበር። እኔም ጠጅና ጌሾን ነገርኳቸው።

እዚያ ቁጭ ብለን አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ገባች። እናትየው በማያ ቋንቋ ያናግሯታል፣ እሷ በስፓኝ ትመልሳለች። ነገሩ ለኔ አዲስ አልነበረም፤ ቤታችን ገብቼ የተቀመጥኩ መሰለኝ። አስጎብኚያችን አይተውኝ ኖሮ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ማያ ስናገር ተመትቻለሁ። ስለዚህ ልጆቼ እንዳይመቱ ብዬ በስፓኝ ብቻ አሳደግኳቸው። አልተመቱም። ግን ከእናቴ ጋር ሳይነጋገሩ እናቴ ሞተች።» ቀጥለውም ጠየቁኝ፦ «አንቺስ የአያትሽን ቋንቋ ታነቢያለሽ?»

እናገራለሁ አልኩ፤ ማንበብ ግን የጀመርኩት ገና በ17 ዓመቴ ነው። ወላጆቼም ያንኑ አስበው ነበር። ልጅቷ ባግሩት ታልፍ፣ ሰው ፊት አትፈር ብለው በተሰበረ ዕብራይስጥ አናገሩኝ። አልወቅሳቸውም። ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ሰውዬውም በፍቅር ነው ያደረጉት።

እምዬ ምን አለች

ተመልሼ ለአያቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አምስቱ ቀን ስነግራት «አንቺ ልጅ፣ ጳጉሜን እዚያም አለች?» ብላ ሳቀች። ስለ ተቃጠሉት መጻሕፍት ስነግራት ግን ዝም አለች። ቆይታ ያለችኝን ከዚያ በፊት ከማንም ሰምቼው አላውቅም። የሷ አያት ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ያውቁ እንደነበር፣ ቄሶቹም ጸሎት ሲያደርሱ በመሐሉ ማንም የማይገባው ቃል ይሉ እንደነበር ነገረችኝ።

እኔ አማርኛን «የአባቶቻችን ቋንቋ» እያልኩ ነበር። ለካ ከአማርኛ በፊትም ሌላ ነበር። ቤተ እስራኤል በፊት ይናገር የነበረው የአገው ቋንቋዎችን ነው፣ አንዱ ቋረኛ ይባላል። በጊዜ ብዛት አማርኛና ትግርኛ ተኩት። ዛሬ ከግዕዙ ጸሎት መሐል የቀሩ የአገው ቃላት አሉ። ያ ቋንቋ ሲሄድ ማንም አላቃጠለውም። አንድ ትውልድ ለልጁ ይጠቅማል ብሎ በሌላ ቋንቋ አናገረው፣ በቃ። እኛ እንግዲህ ቋንቋ ሲለውጥ የመጀመሪያው ትውልድ አይደለንም፤ ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በዚያ ሳምንት ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እሷን መቅዳት ጀመርኩ። በየዓርቡ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ አንድ ሰዓት። የመንደሯን ስም፣ የወንዙን ስም፣ የገበያውን ቀን፣ ሲግድ ሲደርስ የትኛው ተራራ ላይ ይወጣ እንደነበር፣ ሱዳን ላይ የቀሩትን ሰዎች ስም። ሱዳን ላይ ስንደርስ ለሁለት ዓርብ ቆምን፤ ራሷ ነች በሦስተኛው «ቅጂው» ያለችኝ። እስካሁን 11 ሰዓት ሆኗል። የሰማሁትን በአማርኛ እጽፈዋለሁ፣ አባቴ ያርምልኛል። እሱም ብዙውን ገና አሁን ነው የሚሰማው።

በማኅበራችን ያላችሁ ልጆች፣ ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አንድ ስልክና አንድ ሽማግሌ ይበቃል። ጥያቄ ካጣችሁ ከወንዙ ስም ጀምሩ፤ የወንዙን ስም ያለ ሰው የቀረውን ራሱ ይናገራል። ወላጆቻችንም፣ ልጃችሁ በዕብራይስጥ ሲመልስላችሁ እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። የኔ እናት ትታው ነበር፤ ዘንድሮ ጀምራለች። እኔም አንዳንዴ ስሳሳት ትስቅብኛለች።

አስጎብኚያችን ስንሰነባበት እጃቸውን ዘርግተው በማያ «መንገድሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። እኔም «ማሎብ» አልኩ። በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውን ነው ያስተማርኳቸው። «ጥ»ዋ ላይ ምንም አልተቸገሩም።